የጉበቴን ነገር ማን አወጣው?

ያለፈውን ሳምንት ያላነበባችሁ አትጨነቁ፣ ባጭሩ ልንገራችሁ። ደም አስመለሰኝ። ያውም ፓስተር ሶሴፋቴ ወገባቸው ላይ በታጠቋት ምንጣፍ ላይ። ምንጣፏን የወረሷት ከቅድመ አያታቸው ነው። እኛ ከቶንጋ ደሴቶች የመጣን ሰዎች ያለ እሷ ቤተ ክርስቲያን አንገባም፣ ትልቅ ሰው ፊትም አንቆምም። እኔ ደግሞ መቶ ዓመት የኖረችውን ዕቃ በአንድ ትፋት ቀይ አደረግኳት።

አርብ አመሻሽ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ክብ ሠርተን ካቫችንን፣ ያችን አልኮል የሌላትን የሥር መጠጥ፣ እየጠጣን፣ ኤሊሲቫ እየቀዳችልን። ልጅ ካቫ ስትቀዳ አባትና ወንድም እዚያ አይቀመጡም፣ ነውር ነው። ስለዚህ አባቷ ፓስተር ሶሴፋቴ የመጡት መጨረሻ ላይ፣ ሊወስዷት ነው። እኔም ለአንዴ እንኳን ጨዋ ልምሰል ብዬ ተነሳሁና ጎንበስ ብዬ ሰላም ልላቸው ስል ሆዴ ተገለበጠ። እንኳንም ጎንበስ አልኩ፣ ባልልማ ፊታቸው ላይ ነበር።

ሰው ወዲያው ፈረደ። «ቢራ ነው።» «ጠጥቶ ነው የሚመጣው፣ ካቫውን መሸፈኛ አርጎት።» አምቡላንሱ ሳይመጣ ፍርዱ አልቆ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ሰው ቢጠረጥረኝ አልቀየምም። ሥራዬ መንገድ ላይ መቆም ነው። መንገድ ሲቆፈር፣ ባንድ ፊቱ «ቁም»፣ በሌላው ፊቱ «ቀስ በል» የሚል ምልክት ይዞ መኪና የሚያስተናግደው ሰውዬ እኔ ነኝ። ከስምንተኛ ክፍል ወዲያ ትምህርት ቤት አላየሁም፣ ለዚህ ሥራ ሁለት ቃል ማንበብ ይበቃል። አምና የፓስተሩን ነጭ መኪና «ቁም» ብዬ አሥራ ሁለት ደቂቃ አቆምኳት። ከፊት የሚመጣ አንድ መኪና አልነበረም። ከኋላ ወንበር ላይ ኤሊሲቫ ተቀምጣለች። አየችኝ። ባዶውን መንገድ አየች። መልሳ እኔን አየችኝና ሳቋን በመዝሙር መጽሐፏ ሸፈነች።

የኔና የሷ ነገር የተጀመረው እዚያ ነው። ፓስተሩም ባዶውን መንገድ ዘግይተው አዩት፣ እስካሁንም አልረሱትም። እሷ የፓስተር ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች፣ ሆስፒታል ራጅ ክፍል የምትሠራ። እኔ የአቧራ ጓደኛ። እና ደም ተፍቼ የተወሰድኩት የት ይመስላችኋል? እሷ የምትሠራበት።

* * *

በአፌ ቱቦ አስገብተው የሚደማውን አሰሩልኝ። ከዚያ ጥያቄው ተጀመረ። ጠዋት አንዷ ነርስ መጣች።

«ስንት ትጠጣለህ?»

«ምንም።»

ከሰዓት ሌላ መጣ። «በሳምንት ስንት ብርጭቆ?»

«ዜሮ ብርጭቆ።»

ሁለቱም ፈገግ ብለው ጻፉ። ያቺን ፈገግታ አውቃታለሁ። ሾፌር «መንገዱ ለምን ተዘጋ?» ሲለኝ እኔም የምፈግጋት እሷን ነው፣ አላምንህም ማለት ናት።

በሦስተኛው ቀን ሆዴን በማሽን ሊያዩ ወሰዱኝ። በሩ ተከፈተና ኤሊሲቫ ሰማያዊ ልብሷን ለብሳ ገባች። ከአልጋዬ ቀና አልኩ። እሷ ግን ወረቀቷን እያየች፣

«ስምህንና የተወለድክበትን ቀን ንገረኝ» አለችኝ።

«ሲቫ፣ አብደሻል እንዴ? እኔ ነኝ እኮ።»

«ስምህንና የተወለድክበትን ቀን።»

ነገርኳት። እጄ ላይ የታሰረችውን ወረቀት ስታነብ ጣቷ ሳይነካኝ አለፈ። ባልደረባዋ ሆዴ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ቀብቶ ሲያይ እሷ ስክሪኑ ላይ አፍጥጣ ቀረች። አንዴ ብቻ ዞራ አየችኝ። አዘነችልኝ? አፈረችብኝ? እሷም «ቢራ ነው» አለች? ወደ አልጋዬ ሲመልሱኝ ያችን እይታ እንደ ትኩስ ድንጋይ ይዣት ሄድኩ።

ማታውኑ ዶክተር ስታቭሮስ መጣ። አጭር ሰውዬ፣ ቀልድ የሚወድ። አክስቴ ሉፔ አጠገቤ ተቀምጠው በማራገቢያቸው ያራግባሉ።

«ሥራህ ምንድነው?» አለኝ።

«ትራፊክ አስተናጋጅ።»

«በል እንግዲህ ቶሎ ይገባሃል። ከአንጀትህ ወደ ጉበትህ ደም የሚወስድ አንድ ትልቅ ደም ሥር አለ። ዋናው መንገድ እሱ ነው። ያንተ ተዘግቷል።»

«ዋናው መንገድ ሲዘጋ ደሙ የት ይሄዳል?»

«አንተ ንገረኝ።»

«በሰፈር ውስጥ ነዋ። በጠባቡ። የሰው አጥር እየገጨ።»

«ጉሮሮህ ሥር ያሉት ጠባብ ደም ሥሮች አጥራቸው ፈረሰ። ደሙ የመጣው ከዚያ ነው።»

«ስለዚህ መቅደድ ነው?»

«ሆድህን አንቀድም። ባንገትህ በኩል በመርፌ ቀዳዳ አንድ ቀጭን ሽቦ እናስገባለን። በጎንህ ደግሞ፣ በጣፊያህ በኩል፣ ሌላ ሽቦ። በራጅ እያየን እንነዳቸዋለን፣ መሃል ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ የተዘጋውን በትንሽ ፊኛ ነፍተን እንከፍትና እንዳይዘጋ የሽቦ መረብ ቱቦ እንተውበታለን።»

«ካልተገናኙስ?»

ቀልዱን ተወ። «መዘጋቱ የቆየ ነው፣ የጠነከረ። ላይገናኙ ይችላሉ። እየሞከርን ደም ሊፈስህም ይችላል። ካልሞከርን ግን ያ ጉሮሮህ እንደገና ይፈነዳል።» ቀና አለና፣ «ስትወለድ እምብርትህ አካባቢ የሆንከው ነገር ነበር? ሕፃን ሳለህ እምብርትህ መርዞ ከነበረ ወደዚያ ደም ሥር ሊወርድ ይችላል» አለ።

«እኔማ ያኔ ትንሽ ነበርኩ።» ወደ አክስቴ ዞርኩ። ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው።

የአክስቴ ማራገቢያ ቆመ። «አላስታውስም» አሉ።

እኔም ሙቀቱ ቀነሰላቸው ብዬ አለፍኩት። በኛ ዘንድ የአባት እህት ከአባትም ትበልጣለች። ቃሏ አይመለስም፣ ከሳህኗ አይነካም፣ አትጠየቅም። መጠርጠርማ ጭራሽ።

* * *

ሽቦው ለሚገባበት ቀን ቀጠሮ ይዤ ከሆስፒታል በወጣሁ በሁለተኛው እሑድ፣ አክስቴ የሠሩትን ሉ በፎይል ጠቅልዬ ፓስተሩ ቤት ሄድኩ። የታሸገ ሥጋ በኮኮናት ወተትና በጎደሬ ቅጠል፤ ለይቅርታ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። ስለ ምንጣፏ ይቅርታ ልጠይቅ፣ ከዚያ ስለ ኤሊሲቫ በወጉ ልናገር ነው ሐሳቤ።

ፓስተሩ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ሉውን ተቀበሉ። ተቀመጥ አላሉኝም።

«ጉበትህ እንዴት ነው?» አሉኝ።

ደነገጥኩ። ለሰው ያልኩት «ጨጓራ ነው» ነው። የጉበቴን ነገር የሚያውቅ ከሆስፒታሉ ሰዎች ሌላ አክስቴ ብቻ ናቸው።

«ማን ነገረዎት?»

«ጉበት በምን እንደሚታመም የማላውቅ መሰለህ? ስንቱን ጠጪ ቀብሬያለሁ።»

«እኔ አልጠጣም ፓስተር።»

«መንገዱም ባዶ አልነበረም ብለኸኝ ነበር።»

ሉውን ባዶው ወንበር ላይ አስቀመጡት።

«ልጄን ጠይቄያታለሁ። እዚያው ነው የምትሠራው። መልሴን አግኝቻለሁ።» ተነሱ። «በሚመጣው ወር መጨረሻ ባሕር ማዶ ኦክላንድ እህቴ ጋ ትሄዳለች። ትኬቷ ተቆርጧል። እስከዚያ በዚህ በር አልይህ።»

መስኮቱ ላይ መጋረጃ ተንቀሳቀሰ። ኤሊሲቫ ናት። አየኋት፣ አየችኝ፣ መጋረጃውን ለቀቀችው። ዱሮ ስንት ነገር ያወሩልኝ የነበሩት ዓይኖች በኔ ላይ ተዘጉ። ሉው ሳይቀር ከኔ ይልቅ እዚያ ቤት ተቀባይነት አገኘ።

በማግስቱ ሥራ ላይ ለፔኒ ነገርኩት። ፔኒ ከመንገዱ ወዲያኛው ጫፍ ሌላውን ምልክት የሚይዘው ልጅ ነው፣ በሬዲዮ ነው የምናወራው።

«እሷ ናት» አለኝ። «ራጅህን ያየች ማን ናት?»

«ሲቫ እንዲህ አታረግም።»

«አየህ፣ የፓስተር ልጅ ናት። እነሱ አይዋሹም። አባቷ ሲጠይቃት ዘረገፈችው በቃ። መኪና ልልቀቅ?»

«ልቀቅ።»

«አንተም ልቀቃት።»

ያን ቀን ምልክቱን ስንቴ እንደተሳሳትኩ አልነግራችሁም። አንድ አውቶቡስ ሾፌር እናቴን ሁለቴ ጠራልኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ ከሥራ ደብተሬ ወረቀት ቀደድኩና ጻፍኩላት። ደብዳቤዎቼን ሁልጊዜ ታርማቸዋለች፤ በቀይ እስክሪብቶ፣ እንደ አስተማሪ፣ ከሥር ልብ እየሣለች። ይሄኛው ላይ እንዲህ ነበር ያልኩት፦

«ሲቫ። እኔ ሆዴን ገልጬ የሰጠሁት ለሆስፒታሉ መስሎኝ ነበር። ለካ ለአባትሽ ነው። የውስጤን አይተሽ አወጣሽው። ጠጪ ነው ካልሽ ጠጪ ነኝ። ኦክላንድ በደህና ግቢ። ያ ባዶ መንገድ ለምን እንደተዘጋ ያወቅን ሁለታችን ብቻ ነበርን፣ አሁን እኔ ብቻዬን አውቀዋለሁ። ሎፔቲ።»

በሦስተኛው ቀን መልሷ መጣ። አንድ መስመር። ቀይ የለ፣ ልብ የለ።

«የጎዳህ የተናገርኩት አይደለም፣ ያልተናገርኩት ነው።»

አሥር ጊዜ አነበብኩት። ጥርጣሬ የገባው ሰው ምን እንደሚያረግ ታውቃላችሁ፣ ሰላምታውንም ስድብ ያስመስለዋል። «ከዚህ የባሰም የማውቀው አለ» እያለችኝ ነው ብዬ ተረጎምኩት። አጥፌ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ቀኑን ሙሉ ጭኔ ላይ ሲከብደኝ ዋለ።

* * *

የሽቦው ቀን ደረሰ፣ ማክሰኞ ጠዋት። ጀርባው ክፍት የሆነውን የሆስፒታል ቀሚስ አልብሰውኛል፣ ኩራት የሚባል ነገር ከኋላዬ አልቋል። አክስቴ ሉፔ ከእግሬ በኩል ተቀምጠዋል። ምንም እንዳልበላ ተከልክያለሁ፣ እሳቸው ግን ሉ ይዘው መጥተዋል።

በሩ ተንኳኳ። ፓስተር ሶሴፋቴ ገቡ። ምንጣፏን ታጥቀዋል። ታጥባለች፣ ግን ቡናማ ሆና ምልክቷ ቀርታለች።

«ቢላ ሥር ለሚገባ ሰው መጸለይ ሥራዬ ነው» አሉ። «ማንም ይሁን ማን።»

«ቢላ የለውም፣ ሽቦ ነው» አልኩ።

«ለሽቦም እጸልያለሁ።»

ጸለዩ። መጨረሻ ላይ «ከመጠጥ ባርነት አውጣው» ሲሉ አሜን ማለት አቃተኝ። አክስቴ አሜን አሉ። በጣም ቀስ ብለው።

ዶክተር ስታቭሮስ ወረቀት ይዞ ገባ። እንግዶቹን አየና «ለብቻችን እናውራ?» አለኝ።

«ይናገሩ ዶክተር። ጉበቴ እንደሆነ የሰፈሩ ሁሉ ነው። እዚሁ እየሰሙ ቢያርሙልኝ ይሻላል።»

«ጉበቱማ ጤነኛ ነው።»

ፓስተሩ ቀና አሉ። «ምን አሉ?»

«ጉበቱ ጤነኛ ነው። የተዘጋው ወደ ጉበቱ የሚያስገባው ደም ሥር ነው።»

«ያለ መጠጥ?»

«መጠጥ እዚህ ውስጥ የለበትም። ገና ጡት ሳይጥል የተዘጋ ነው የሚመስለው። እኔማ የእምብርቱን ነገር የሚያስታውስ ሰው ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር።»

ማራገቢያው ቆመ። አሁን ግን ክፍሉ ቀዝቃዛ ነበር፣ የሚቀንስ ሙቀት የለም። መጀመሪያ ያየሁት የአክስቴን እጅ ነው። ከዚያ ፊታቸውን። በሃያ አራት ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አክስቴን እንደ ሰው አየኋቸው፣ የፈራ ሰው።

«በሰባት ወሩ ነው የተወለደው» አሉ። ማንንም ሳያዩ፣ ለማራገቢያው። «ደሴታችን ላይ ሐኪም የለም። ጀልባው በማዕበሉ ምክንያት አልመጣም። እናቱ ራሷን ስታለች። ቅጠል አኘክሁና እትብቱ ላይ አሰርኩለት፣ እናቴ እንዳሳየችኝ። በሦስተኛው ቀን ቀላ። በአምስተኛው መገለ። ዳነ፣ እኔም ዳነ ብዬ ቀበርኩት።»

ማራገቢያውን በሁለት እጃቸው ጨበጡት።

«እትብቱን የቀበርኩት ደጃፋችን ካለው የዳቦ ፍሬ ዛፍ ሥር ነው። ይሄን ደግሞ እዚህ።» ደረታቸውን ነኩ። «ያን ቀን ዶክተሩ እምብርት ሲል ገባኝ። አላስታውስም አልኩ።»

ዶክተሩ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «እትዬ፣ እሱ ይሁን አይሁን እኔም አላውቅም። ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ያለ ቅጠልም እምብርቱ ይመርዛል። ብዙ ሰው ላይ ምክንያቱን ጭራሽ አናገኘውም።»

«ለሴቶች የጸሎት ማኅበር የነገርኩት እኔ ነኝ» አሉ አክስቴ። አሁን አያቆሙም። «ለሎፔቲ ጉበት ጸልዩለት አልኩ። ‹መጠጥ ነው አይደል?› አሉኝ። ዝም አልኩ። አዬ፣ ዝም አልኩ። ከቅጠሉ ቢራው ይሻለኛል ብዬ።»

ጉበቴን ያወጣው ማን እንደሆነ በቃ ታወቀ። ነርሶቹን ጠርጥሬ ነበር። ያንን ቀልደኛ ሐኪም፣ መስኮቱን፣ መጋረጃውን። ሲቫን ደግሞ በጽሑፍ፣ በፊርማ። ወግ አጥር ያጠረላትን አንዷን ብቻ አልፌ ዓለሙን ሁሉ ጠርጥሬያለሁ።

የአባትን እህት አንገት አታቅፍም፣ ራሷን አትነካም። ስለዚህ ማራገቢያውን ከእጃቸው ወሰድኩና እኔ አራገብኩላቸው። በቀሚሴ፣ ጀርባዬ ክፍት ሆኖ። አለቀሱ። እኔም ከነፋሱ ነው ብዬ ልዋሻችሁ አልችልም።

በሩ ተከፈተና ኤሊሲቫ ገባች። «ክፍሉ ዝግጁ ነው» ብላ ጀመረችና አባቷን ስታይ ቃሏ ተቆረጠ።

ፓስተሩ ዞሩ። «ታውቂ ነበር?»

የአልጋዬን ጎማ መቆለፊያ ለመፍታት ጎንበስ አለች።

«ያን ቀን ‹ልጁ ይጠጣል ወይ?› ስልሽ፣ እንደማይጠጣ ታውቂ ነበር?»

«አባዬ፣ እዚህ ያየሁት እዚህ ይቀራል። ቃል ገብቼ ነው የምሠራው።»

«ኦክላንድ እልክሻለሁ ስልሽም?»

«ሲሉኝም።»

«ስታለቅሺ ያደርሽውም ለዚህ ነው?»

መልስ አልሰጠችም። ለካ ፓስተሩ «መልሴን አግኝቻለሁ» ያሉት ይሄንን ዝምታ ነው። ያልተናገረችው ነው የጎዳኝ። እውነቷን ነበር፣ አንድ መስመር ላይ ሁሉንም ነግራኛለች፣ እኔ ማንበብ አልቻልኩም እንጂ።

«ሲቫ» አልኩ። «ያ ደብዳቤዬ…»

«አርሜዋለሁ።» ከደረት ኪሷ አወጣችው። በቀይ ተዥጎርጉሯል። «አሥራ አንድ ስህተት።»

«አሥራ ሁለት። አሥራ ሁለተኛው መጻፌ ነው።»

ወረቀቱን አገላብጣ አሳየችኝ። ከሥር፣ ጥግ ላይ፣ ልብ አለች። ሣለቻት፣ ከዚያ በንዴት ሰረዘቻት፣ ከዚያ እንደገና ሣለቻት። ሦስቱም ይታያሉ።

ፓስተሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የምንጣፏን ገመድ ፈቱና እግሬ ላይ ዘረጓት፣ እድፏን ወደ ላይ አድርገው።

«ስትመለስ ራስህ ታጥባታለህ» አሉኝ።

«ይሄ ውስጥ አይገባም፣ አባዬ» አለች ኤሊሲቫ።

«እንግዲያው ደጅ ይዣት እጠብቃለሁ።» ምንጣፏን ከእግሬ ላይ አንስተው ክንዳቸው ላይ አደረጉ። «ትኬቱንም እመልሰዋለሁ። ግን መኪናዬን ዳግም እንዳታቆምብኝ።»

«ባዶ መንገድ ላይ አላቆምም፣ ፓስተር።»

አልጋዬን ሲገፉት አንገቴን ጠምዝዤ አየኋቸው። ትልቁ ሰውዬ ምንጣፋቸውን ሳይታጠቁ ራቁታቸውን የቀሩ መሰሉኝ። አክስቴ አጠገባቸው ቆመዋል፣ ሉውን እንዳቀፉ። ለሁለቱም አዘንኩ፣ ለሁለቱም ሞቀኝ።

ኤሊሲቫ እኔን የማየቱን ሥራ ለሌላ ሰው እንዲሰጡላት ቀድማ ጠይቃ ስለነበር ውስጥ አልገባችም። ከመስታወቱ ወዲያ ቆመች፣ አፏን በጭምብል ሸፍና። ማደንዘዣው እጄ ላይ ሲገባ ቀዘቀዘኝ። እስከ መጨረሻው ያየሁት ሁለት ዓይን ነው። አልተከደኑም።

* * *

ስነቃ አንገቴና ጎኔ ላይ ትናንሽ ፕላስተሮች ተለጥፈዋል። ያ ሁሉ ሽቦ የገባው በዚህች ነው? ጉሮሮዬ አሸዋ ሞልቶታል። ሥራዋን ጨርሳለች መሰለኝ፣ ኤሊሲቫ አልጋዬ አጠገብ ቆማለች፣ ጭምብሏን አላወለቀችም።

«ተገናኙ?» አልኩ። «ሽቦዎቹ። ተከፈተ?»

«ዶክተሩ መጥቶ ይነግርሃል።»

«ሲቫ።»

«ዶክተሩ ይነግርሃል ሎፔቲ።»

ትናንት ቢሆን አበቃልኝ እል ነበር። ደብቃኝ ነው፣ ሊሞት ነው ብላ ነው፣ አባቷ ነግረዋት ነው። ዛሬ ተኝቼ ዓይኗን ብቻ አየሁ። አምና ከመዝሙር መጽሐፉ በላይ ያየኋቸው ዓይኖች ናቸው፣ የሚስቁት።

ግራ ቀኝ ተመለከተች። ክንዷን እንደ እንጨት ቀጥ አድርጋ አነሳች፣ መዳፏን ወደ እኔ፣ «ቁም» እንደሚል ምልክቴ። ትንሽ አቆየችው። ከዚያ ቀስ ብላ ገለበጠችው፣ መንገዱ ሲከፈት እኔ እንደማረገው።

እንባዬ በጆሮዬ በኩል ትራሱ ላይ ወረደ። ማንም እንዳይጠረጥራት ደግሞ እኔ ምስክር ነኝ። አንድ ቃል አልተነፈሰችም።